ባሕር ያላዩ ልጆችና የባሕሩ ፊልም

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጆች የመሐንዲስ ሥራ በኅብረተሰቡ ኑሮ ላይ ስለሚያስከትለው ለውጥ እንድናገር በጋበዙኝ ጊዜ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ግድብ አንድ ነገር ይላል ብላችሁ ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኔም በመጀመሪያ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ይሁን እንጂ ድልድይና ግድብ ተናጋሪ አጥተው አያውቁም። ስለዚህ ዛሬ የማቀርብላችሁ በየቤቱ ጣሪያ ላይ ስለ ተተከለው ዲሽና በእርሱ አማካይነት ወደ መቱና ወደ አካባቢው ከተሞች ስለ ገባ አንድ የሕፃናት የካርቱን ፊልም ነው። ርእሱ የልጆች ጨዋታ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ግን ነገሩ የእኛም ጉዳይ መሆኑን ትረዱልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በቅድሚያ ስለ አገሩ ጥቂት ልበል። የቀድሞው ኢሉባቦር፣ በተለይ ዛሬ ኢሉ አባ ቦርና ቡኖ በደሌ የሚባሉት ዞኖች፣ የዝናብና የደን አገር ነው። ጎሬ፣ መቱ፣ ሁሩሙ፣ ያዮ፣ በደሌ በአረንጓዴ የተከበቡ ከተሞች ናቸው። የያዮ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ሶር ወንዝ ከመቱ ሳይርቅ ከገደል እየተወረወረ ይወርዳል፤ በዚሁ ወንዝ ላይም እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ የጀመረ 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ አለ። እንግዲህ የዚህ አገር ልጅ ውኃ አላየም አይባልም። ያላየው ባሕርን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ አገራችን በሙሉ የባሕር በር የሌላት ስትሆን፣ መቱ ደግሞ ከዚያም በፊት ቢሆን ከቀይ ባሕር እጅግ ርቃ የምትገኝ የምዕራብ ከተማ ነበረች።

ፊልሙ ስፖንጅቦብ ስኩዌርፓንትስ ይባላል። በአሜሪካው የኒኬሎዲዮን ጣቢያ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የደረሰው ስቲቨን ሂለንበርግ እ.ኤ.አ. በ2018 ያረፈ ሲሆን፣ ሠዓሊ ከመሆኑ በፊት በካሊፎርኒያ ጠረፍ ለተማሪዎች ስለ ባሕር ሕይወት ያስተምር ነበር። ለትምህርቱ መርጃ ብሎ ያዘጋጀው የሥዕል መጽሐፍ ውሎ አድሮ የፊልሙ መነሻ ሆነ። በታሪኩ ውስጥ በባሕር ወለል ላይ የሚኖር ስፖንጅ፣ ጓደኛው የሆነ ኮከብ ዓሣ፣ ነጭናጫ ጎረቤቱ ኦክቶፐስ፣ ገንዘብ አምላኪ የሆነ የምግብ ቤት ባለቤት ሸርጣን፣ እንዲሁም የጠላቂ ልብስ ለብሳ በውኃ ውስጥ የምትኖር ሽኮኮ አሉ።

ይህ ፊልም ወደ መቱ ቤቶች የገባው በእንግሊዝኛም በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አልነበረም፤ በዐረብኛ ተተርጉሞ ነበር። ምክንያቱ የሳተላይቱ አቀማመጥ ነው። ለብዙ ዓመታት በግል የተቋቋሙት የአገራችን ጣቢያዎች ይሰራጩ የነበረው በ7 ዲግሪ ምዕራብ ኬንትሮስ አካባቢ ከሚገኘው ናይልሳት ላይ ነበር። ናይልሳት ግን በዋነኛነት የተዘጋጀው ለዐረቡ ዓለም በመሆኑ፣ የአማርኛ ድራማ ፍለጋ ዲሽ ያስተከለ ቤተሰብ ሁሉ እንደ ኤም ቢ ሲ 3 ያሉትን የዐረብኛ የሕፃናት ጣቢያዎች ያለ ተጨማሪ ክፍያ አብሮ አገኘ። ከመቱ ላይ ሆኖ ይህን ሳተላይት ለማግኘት ዲሹን በቀጥታ ወደ ምዕራብ ለማለት ጥቂት እስኪቀር አዙሮ ወደ 40 ዲግሪ ያህል ቀና ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን በቃሌ የማውቀው፣ በተማሪነቴ ዘመን ክረምት ክረምት ለዘመድና ለጎረቤት ዲሽ እተክል ስለ ነበረ ነው።

አሁን ወደ ተመልካቾቹ ልለፍ። የምነግራችሁ በመጠይቅ የተሰበሰበ ጥናት አይደለም። በመቱ፣ በጎሬና በበደሌ በዘመድ ቤትና በሻይ ቤት ተቀምጬ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ልጆቹ ለስሙ የሰጡትን ትርጉም ነው። በእኛ አገር ስፖንጅ ማለት ፍራሽ ነው፤ ቢበዛ የዕቃ ማጠቢያ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ያዩት የባሕር እንስሳ ሳይሆን እጅና እግር አውጥቶ የሚሮጥ ቢጫ ፍራሽ ነበር። ይህም እንግዳ አልሆነባቸውም፤ በተረታችን ጦጣ ትማከራለች፣ ጅብም ይሟገታል፤ ፍራሽ ቢሮጥ ምን ይደንቃል? ስፖንጅ የሚባል ሕይወት ያለው እንስሳ በእርግጥ መኖሩን፣ አንጎልም ነርቭም ሳይኖረው ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ ውኃ በቀዳዳዎቹ እያሳለፈ ምግቡን እያጠለለ እንደሚኖር ስነግራቸው ግን አላመኑኝም። ፍራሽ መሮጡን አምነው እንስሳ መሆኑን ካዱ።

ሁለተኛው ትዝብቴ ስለ ቋንቋው ነው። አብዛኞቹ ልጆች በቤታቸው አፋን ኦሮሞ፣ በከተማው መንገድ አማርኛም ይናገራሉ፤ ዐረብኛ ግን አያውቁም። በበደሌ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ አሥር ዓመት ያህል የሆነው ልጅ ከፊት ተቀምጦ ለታናናሾቹ በአፋን ኦሮሞ ሲተረጉምላቸው ሰማሁ። ዐረብኛ ትችላለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው እየሳቀ አልችልም አለኝ። ታሪኩን የሚፈጥረው ከሥዕሉ ተነሥቶ ነበር። በእርሱ ትርጉም ሸርጣኑ የቡና ነጋዴ ሆኖ ሚዛን ያጭበረብራል፤ ኦክቶፐሱም ከጎረቤት ጋር ቡና የማይጠጣ ኩሩ ሰው ነው። ታናናሾቹ የሚስቁት በፊልሙ ሳይሆን በእርሱ ነበር። ደራሲው ይህን ቢሰማ የሚቀየም አይመስለኝም።

ወላጆች ግን በአንድ ሐሳብ አልነበሩም። አንዳንዶቹ ልጁ በቤት ስለሚቀመጥላቸው፣ ከመኪና መንገድም ስለሚርቅ ደስ ይላቸዋል። ሌሎቹ ጩኸቱን፣ ልፊያውንና መተረቢያ ሆኖ የሚቀረውን ሳቅ አይወዱም። አንዲት እናት፣ ልጄ በአባቱ ቋንቋ ተረት ሳይሰማ በማላውቀው ቋንቋ ያላ ያላ ሲል ይውላል ብለው አጫውተውኛል። በጎሬ ያገኘሁት መምህር ስሞታው ሌላ ነበር። ተማሪው እሳት በውኃ ውስጥ ይነዳል ብሎ ሙጭጭ አለ። ማስረጃው ደግሞ በባሕር ወለል ላይ ምድጃ ለኩሶ ሥጋ የሚጠብሰው ስፖንጅ ነው። መምህሩም፣ እኔ በጠመኔ የማስተምረውን እርሱ በቀለም ያፈርስብኛል አለኝ።

የወላጆቹ ሥጋት ከሜዳ የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንጀሊን ሊላርድና ጄኒፈር ፒተርሰን 60 የአራት ዓመት ሕፃናትን በሦስት ከፍለው ፈትነው ነበር። አንዱ ቡድን ይህንኑ ፊልም፣ ሌላው ቡድን ቀስ ያለ ትምህርታዊ ካርቱን ለ9 ደቂቃ ሲያይ፣ ሦስተኛው ቡድን ሥዕል ሣለ። ከዚያ ወዲያውኑ ትኩረትንና ራስን መግዛትን የሚጠይቁ ፈተናዎች ሲሰጧቸው፣ ስፖንጅቦብን ያዩት ልጆች ከሌሎቹ ሁለት ቡድኖች ያነሰ ውጤት አገኙ። ተመራማሪዎቹ እንደ ዘገቡት፣ በፈጣኑ ፊልም ትዕይንቱ በአማካይ በየ11 ሰከንዱ ሲለዋወጥ በዝግተኛው በየ34 ሰከንዱ ነበር። ጣቢያው በበኩሉ ፊልሙ የተዘጋጀው ከ6 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች እንጂ ለአራት ዓመት ሕፃናት አለመሆኑን ገልጾ ተከራክሯል።

እኛ መሐንዲሶች የመለኪያን ወሰን መጠየቅ ልማዳችን ነው። የተፈተኑት ልጆች ጥቂት ናቸው፤ የተለካውም ከ9 ደቂቃ በኋላ ወዲያው የታየው ውጤት እንጂ የዓመታት ጉዳት አይደለም። ቢሆንም ጥናቱ ለመቱ ወላጅ የሚጠቅም አንድ ፍሬ ነገር አለው፤ ይኸውም ትንንሾቹን ሕፃናት ከፈጣን ሥዕል ፊት ብቻቸውን አለመተው ነው። ያ የበደሌ ልጅ ከፊት ተቀምጦ የሚተረጉምላቸው ታናናሾች ቢያንስ ብቻቸውን አልነበሩም።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን የአንድ ሽማግሌ አስተያየት ነው። መቱ በወንድሜ ቤት ሳለን ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ ጎረቤት ፊልሙን ከልጆቹ ጋር ጥቂት ካዩ በኋላ፣ «ባሕሩ እኮ ከእኛ የሚወርድ ውኃ ነው» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። እርሳቸው አልሳቁም። አባታቸው ከጎሬ ቡና በበቅሎ ጭነው ወደ ጋምቤላ ይወርዱ እንደ ነበር፣ በክረምት ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት የሚሄድ ትልቅ ጀልባ ከካርቱም መጥቶ ቡናውን ይጭን እንደ ነበር አጫወቱን። ነገሩ እውነት ነው። በ20ኛው ምእት ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ የጋምቤላ ወደብ በባሮ፣ በሶባትና በነጭ ዓባይ በኩል ለምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና ዋና መውጫ ነበር። ጎሬም በዚያ ንግድ የደመቀች ከተማ ነበረች። እንግዲህ እኛ የተማርን ነን የምንለው፣ ኢሉባቦር ከባሕር ጋር ግንኙነት የለውም ብለን ስንስቅ፣ እርሳቸው መንገዱን ከነጭነቱ ያውቁት ነበር።

ውድ ባልደረቦቼ፤ አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። የአገራችን ጣቢያዎች ከናይልሳት ለቀው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወደሚገኘው ሳተላይት፣ ኢትዮሳት ወደሚባለው አገልግሎት ሲዛወሩ፣ በየከተማው ዲሽ ማዞር ሥራ ሆነ። ወንድሜም እንዳዞርለት ለመነኝ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ዲሹን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መለስኩት፤ ወደ 63 ዲግሪ ያህልም ቀና አደረግሁት። ዜናውና ድራማው ጥርት ብሎ ገባ። ቤቱ ሁሉ መረቀኝ። ከወንድሜ ልጅ በቀር።

ሕፃኗ ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነበር። «ጋሼ፣ ስፖንጅ የት ሄደ?» አለችኝ። እኔም ቸኩዬ ስለ ነበር፣ «በዚያ በኩል ቀርቷል» ብዬ እጄን ወደ ምዕራብ ጠቆምኩ። በሦስተኛው ቀን ቴሌቪዥኑ አንድም ጣቢያ የማያሳይ ሆነ። ብወጣ ዲሹ ወደ ምዕራብ ዞሯል፤ ከሥሩም የማገዶ እንጨት ወድቋል። ሕፃኗ አጥር ላይ ተንጠላጥላ በእንጨት ገፍታው ኖሯል። ሳተላይቱ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከምድር ወገብ በላይ ያለ ስለሆነ፣ ዲሹ ጥቂት ዲግሪ ዘንበል ካለ ሁሉም ነገር እንደሚጠፋ እኔ አውቃለሁ። እርሷ ግን የምታውቀው የጠቆምኳትን አቅጣጫ ብቻ ነው። ተቆጣኋት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ስፖንጅም ሆነ ስለ ሌላ ነገር እኔን መጠየቅ ተወች።

ይህ ነገር ከብዙ የሥራ ስሕተቴ ይልቅ አሳሰበኝ። የሠራሁት ሥራ በሙያ ረገድ እንከን አልነበረበትም፤ አንግሉ ትክክል ነበር፤ ሥዕሉም ጥርት ያለ ነበር። ነገር ግን አቅጣጫውን ስወስን ማንን እንደማገናኝ እንጂ ማንን እንደምቆርጥ አልጠየቅሁም። አንድ ተጨማሪ ዲሽና መቀያየሪያ ቢጨመር ሁለቱንም ማግኘት ይቻል ነበር። ወጪው ያን ያህል አይደለም። አላሰብኩበትም፤ የቤቱ አዋቂዎች አልጠየቁኝማ።

በሳምንቱ እሑድ ልጅቷን ከአባቷ ጋር ወደ ሶር ወንዝ ይዣት ሄድኩ። ከድንጋይ ሥር ትንሽ ሸርጣን አገኘን። በደጋው ወንዞቻችን የንጹሕ ውኃ ሸርጣን መኖሩን ብዙ አዋቂዎችም ልብ አይሉትም። ልጅቷ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችውና፣ «ይኼም ገንዘብ ይወዳል?» አለች። ከሳምንት ዝምታ በኋላ የመጀመሪያዋ ጥያቄ ይህች ነበረች። ቀንድ አውጣም አገኘን። ኮከብ ዓሣና ኦክቶፐስ ግን እዚህ እንደማይገኙ ነገርኳት፤ እነዚህ ወገኖች ጨው በሌለው ወንዝ ውስጥ መኖር አልቻሉም፤ የኮከብ ዓሣ የሰውነት ፈሳሽ ጨውነቱ ከባሕሩ ውኃ ጋር እኩል ነውና። ኦክቶፐሱም በፊልሙ ስድስት እግር ብቻ የተሣለለት ለሠዓሊው እንዲቀልለት እንጂ እውነተኛው ስምንት እጆች እንዳሉት ጨመርኩላት። ወዲያው በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

እሳቱም አልቀረም። ከወንዙ ዳር ክብሪት ጭራ ውኃ ውስጥ ነከረች፤ ጭስ እያለ ጠፋ። «ታዲያ ስፖንጅ ይዋሻል?» አለችኝ። አይዋሽም፣ ይጫወታል አልኳት። በእርግጥም በፊልሙ ውስጥ ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው እሳት በውኃ ውስጥ እንዴት ይነዳል ብለው ሲጠይቁ እሳቱ ወዲያው የሚጠፋበት ትዕይንት አለ። ቀልዱ የሚገባው ሕጉን ለሚያውቅ ነው። የጎሬውን መምህር ዛሬ ባገኘው ተማሪህ ተሳስቷል ብቻ አልለውም፤ ይልቁንስ ጠመኔህን አስቀምጥና ክብሪትና ባልዲ ውኃ ይዘህ ግባ፤ ጥያቄውን ፊልሙ አምጥቶልሃል፣ መልሱን አንተ ስጥ እለዋለሁ።

ከመመለሳችን በፊት ልጅቷ ቅጠል ቀጥፋ ወደ ወንዙ ጣለች። ወደ ስፖንጅ ይደርሳል ወይ አለችኝ። የሽማግሌው ቃል ትዝ አለኝና መንገዱን ነገርኳት። ሶር ወደ ገባ ይገባል፤ ገባ ከብርብር ጋር ሲገናኝ ባሮ ይባላል፤ ባሮ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ካላት ከመቱ ደጋ በታች ወርዶ ከ500 ሜትር ጥቂት ከፍ ወዳለችው ጋምቤላ ይደርሳል፤ ከዚያም ከፒቦር ጋር ሆኖ ሶባትን፣ ሶባት ነጭ ዓባይን፣ ነጭ ዓባይ በካርቱም ጥቁር ዓባይን ያገኛል፤ በመጨረሻም ሜዲትራንያን ባሕር አለ። ቅጠሉ አይደርስም፤ ውኃውም ቢሆን ብዙው በረግረጉ ይቀራል፣ በፀሐይ ይተናል፣ በአስዋን ግድብ ይያዛል። ምናልባት ጥቂቱ ይደርሳል አልኳት። «ጥቂት ይበቃዋል» አለችና ሌላ ቅጠል ጣለች።

የተከበራችሁ አባላት፤ ይህን ሁሉ ያወራሁት ጊዜያችሁን በቤተሰብ ጨዋታ ለማጥፋት አይደለም። ከዚህ ውስጥ ለሙያችን የሚሆን ሦስት ነገር ላውጣና ልጨርስ።

አንደኛ፣ መስመር የሚዘረጋ ሰው የመስመሩን ተጠቃሚ ሁሉ መቁጠር አለበት። የሚከፍለውንና የሚያዝዘውን ብቻ መቁጠር አይበቃም። በአንድ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት የሆናትም ተጠቃሚ ናት።

ሁለተኛ፣ ልጆቻችን ከውጭ የመጣውን ሥዕል በቋንቋቸው ለመተርጎም ይህን ያህል ከተጉ፣ በቋንቋቸው የተሠራ ቢያገኙ ምን ያህል ይጠቀሙ ይሆን? ይህ በአገራችን የማይቻል ነገር አይደለም። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ከኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መጀመሪያ ዘመን አንሥተው ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል ወንበር ላይ ተቀምጠው ተረት ብቻ በመንገር የአገር ልጅ ሁሉ አባት ሆነዋል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የታየው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ደግሞ በአሻንጉሊት ቀጭኔ ፊደልና ጤና አስተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። የሁለቱም ሀብት ልጁን በሚያውቀው ቋንቋ ማነጋገራቸው ነው። ስለ ሶር ሸርጣን፣ ስለ ያዮ ደን ጦጣ፣ ስለ ባሮ ዓሣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚነገር የካርቱን ፊልም ለመሥራት ኮምፒዩተርና ሠዓሊ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ መምህርና ተረት ዐዋቂ ሽማግሌ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ አለባቸው። መቱ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ሽማግሌዎቹም ገና በሕይወት አሉ። ጠረጴዛውን የሚያዘጋጅ ከእኛ መካከል ቢነሣ ለማኅበራችን ክብር ነው።

ሦስተኛ፣ ፊልሙን መውቀስ ወይም ማሞገስ ብቻውን የትም አያደርስም። አንድ የባሕር ሕይወት መምህር በካሊፎርኒያ ጠረፍ ለተማሪዎቹ የሣለው ሥዕል፣ ሰማይ ደርሶ ተመልሶ፣ ቋንቋ ተሻግሮ፣ ባሕር ባላዩ የመቱ ልጆች ልብ ውስጥ ጥያቄ አስነሣ። ጥያቄውን እስከዚያ ያደረሰው የሙያችን ውጤት ነው። መልሱን ግን ዲሽ አይቀበልልንም፤ ከልጁ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ሊሰጠው ይገባል።

በወንድሜ ቤት ጣሪያ ላይ ዛሬ ሁለት ዲሾች አሉ፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ ያያል። ሁለተኛውን በተከልኩበት ቀን ልጅቷ ቁልፍ እያቀበለች ረድታኛለች፤ አቅጣጫውንም ያሳየችኝ እርሷ ናት።